ግንዱ የሚጠቁር ቀርከሃ ለግቢ፦ ደጋ ላይ የትኛው ይሆናል?

ጥላ ፈላጊ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም እናንተዬ። ግንዱ ጥቁር የሆነ ቀርከሃ ግቢ ውስጥ ለመትከል አስቤያለሁ። ቦታው ከጎረቤት በሚያዋስነን የብሎኬት አጥር በኩል ነው፤ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር። ጠዋት ከወጣች ጀምሮ እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ የቤቱ ጥላ ያርፍበታል። አፈሩ ላይ ላዩ ቡናማ ነው፤ አንድ ክንድ ከተቆፈረ ግን ዋልካ ይወጣል፣ ክረምት ላይም ውሃ ይተኛበታል። የምፈልገው ከ4 እስከ 6 ሜትር አድጎ መስኮት ለመስኮት መተያየቱን የሚጋርድ ነው።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። «ጥቁር ቀርከሃ» የሚባለው አንድ ዓይነት ነው ወይስ ብዙ? የአገራችን ቀርከሃ ፀሐይ ሲመታውና ሲያረጅ ይጠቁራል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? ሦስተኛው ደግሞ ዋናው ነው፤ በአጥር ሥር አልፎ ከጎረቤት እንዳያጣላኝ ምን ላድርግ?

የዘንገና ዳር (እንጅባራ)

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። አይጠቁርም። አገራችን ሁለት የራሷ ቀርከሃ አላት። አንደኛው በአዊና በጮቄ ዙሪያ የሚተከለው የደጋው ቀርከሃ ነው፤ ግንዱ ውስጡ ክፍት፣ ሲበቅል አረንጓዴ፣ ሲያረጅ ደግሞ ወደ ቢጫና ግራጫ የሚሄድ። ሁለተኛው ወደ መተከል ቆላ የሚገኘው ሽመል ነው፤ ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ። ሁለቱም ጥቁር ቀለም የላቸውም። በእርጥብ ቦታ ያረጀ ግንድ ላይ ጥቁር ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል።

ወደ መጀመሪያው ስመለስ፣ በዓለም ገበያ «ጥቁር» እየተባሉ የሚሸጡት ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ጠባያቸው አይገናኝም።

ፊሎስታኪስ ኒግራ የቻይናው ነው። የደጋ ተክል ነው፤ ሥር ከያዘ በኋላ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ይችላል፣ ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጫችን አያሰጋውም። በሚመቸው ቦታ ከ5 እስከ 8 ሜትር ይቆማል፣ ውፍረቱም ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግሩ ሯጭ መሆኑ ነው። የመሬት ውስጥ ግንዱ እንደ ሰርዶ አግድም ይሄዳል፣ ከእናቱ ርቆም ሌላ ቡቃያ ያወጣል።

ጊጋንቶክሎአ አትሮቫዮላሲያ የጃቫው፣ ባምቡሳ ላኮ ደግሞ የቲሞሩ ነው። ሁለቱም ባሉበት እንደ ጤፍ ነዶ የሚሰበሰቡ ናቸው፣ አይሮጡም። ግን የሞቃት አገር ተክሎች ናቸው፤ ቁመታቸውም ከ10 ሜትር ያልፋል። የ1.2 ሜትር ስፋት አይበቃቸውም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ እዚያ ከብርድ ጋር ሲታገሉ ይኖራሉ እንጂ ደስ ብሏቸው አያድጉም።

ስለዚህ ለእርስዎ ቦታ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፤ ታስሮ እስከተተከለ ድረስ።

ስለ ቀለሙ ግን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ችግኙ ሲገዛ ጥቁር ሆኖ፣ ከተተከለ በኋላ የሚወጣው ቡቃያ አረንጓዴ ሲሆን «ተታለልኩ» የሚል ሰው ብዙ ነው። አልተታለለም፤ ሁሉም ግንድ ሲወጣ አረንጓዴ ነው። ሽፋኑ ረግፎ ሲታይ ከአንጓው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ቀለበት ይኖረዋል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ነጠብጣቡ እየተጋጠመ ይሄድና በሁለተኛው፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ዓመት ግንዱ ጥቁር ይሆናል። ፀሐይ ያላገኘው ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። የእርስዎ ቦታ እስከ ሰባት ሰዓት ካገኘ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፣ ይበቃዋል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ውፍረቱ ነው። ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም። ከመሬት ሲወጣ የያዘውን ውፍረት ይዞ በሁለት ሦስት ወር ቁመቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። የሚወፍረው የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እርሳስ የሚያክል ቢወጣ አይደንግጡ፤ ከሥር እየሠራ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ክረምት ላይ ነው መጋረጃ የሚሆነው።

ጣና ዳርቻ (ባሕር ዳር)

የዘንገና ዳር ያለውን ለደጋ እቀበላለሁ። ግን ይህን ገጽ ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ሸለቆ ዳር ሆኖ የሚያነብም አለ። ከ1,900 ሜትር በታች ያለ ሰው ለቻይናው አይጓጓ። የክረምት ብርድ የለመደ ተክል ስለሆነ ሙቀት ቦታ ላይ ይኖራል፣ ግን ግንዱ እየቀጠነ ቁጥቋጦ ይመስላል። ለዚህ ከፍታ የጃቫውና የቲሞሩ ይሻላሉ፤ ቦታ ካለ ማለቴ ነው። ከግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባቸው። ግንዳቸው ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚወፍር በነፋስ ቀን ጣራ ቆርቆሮ ላይ ሲጋጭ እንቅልፍ ይነሳል። የቲሞሩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ ሰረዝ አለው፤ የጃቫው ወደ ወይን ጠጅ ያደላል።

የጃቫውን ግንድ የሱንዳ ሰዎች አንክሉንግ ለሚባለው እየተነቀነቀ ለሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ይመርጡታል። በሱንዳ ቋንቋ ደግሞ ቀርከሃ «አዊ» ነው የሚባለው! ለእንጅባራ ሰዎች ስጦታ ይሁንልኝ።

አንድ ጠቃሚ ልዩነት ልጨምር። የጃቫውና የቲሞሩ ከግንድ ቁራጭ ይራባሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው የሁለት ዓመት ግንድ አግድም ተቀብሮ በእርጥበት ከተጠበቀ ያቆጠቁጣል። የቻይናው ግን ከግንድ ቁራጭ አይበቅልም። ከመሬት ውስጥ ግንዱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቢያንስ ሦስት ሕያው ዓይን ያለው፣ ሥሩ ያልተላጠ ቁራጭ ያስፈልጋል። ቀለሙ ገለባ የመሰለ ቢጫ ከሆነ ወጣት ነው፤ ጠቁሮ ዓይኑ ከደረቀ አይነሳም። ስለዚህ «ጥቁር ቀርከሃ» ብሎ ባዶ ዱላ ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመ የሚሸጠው ዱላ ነው።

ሚዛን ያዥ

ስለ ግዢ አጭር ማስጠንቀቂያ።

በኢንተርኔት የሚሸጠውን «የጥቁር ቀርከሃ ዘር» አትግዙ። ፊሎስታኪስ ኒግራ የሚያብበው በ120 ዓመት ገደማ አንዴ ነው። በየሳምንቱ ዘር የሚሸጥለት ተክል አይደለም። የቀርከሃ ዘር ራሱም ቶሎ የመብቀል አቅሙን ያጣል።

ችግኝ ሲቀርብላችሁ አንጓውን ዳብሱ። የእውነተኛው ግንድ ድብልብል አይደለም፤ ቅርንጫፍ ከወጣበት አንጓ በላይ ባለው ክፍል ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦይ አለው። ከአንጓው የሚወጡት ቅርንጫፎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ከአንድ አንጓ አምስት ስድስት ቅርንጫፍ ከወጣ ሌላ ዝርያ ነው። ምንም ቅርንጫፍ ከሌለውና ሲሰበር ውስጡ ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ውሃ ካለው ደግሞ ጥቁር ሸንኮራ ነው፣ እየመጠጣችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ሸምበቆም በቀርከሃ ስም ይሸጣል፤ ቅጠሉ ሰፊና ግንዱን አቅፎ የሚወጣ ስለሆነ ይለያል።

ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ካለ፣ ተክሉ ከመነሳቱ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ፣ ሲመጣም የላኪው አገር የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በሻንጣ ተሸጉጦ የሚመጣ ሥር በሽታና ተባይ ይዞ ይገባል፤ እዚህ ደግሞ የገበሬ ቀርከሃ አለ።

ጥላ ፈላጊ (ደብረ ማርቆስ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሸንኮራውን ልብ ብያለሁ።

እንግዲህ ሯጩ ነው የሚሆነኝ ማለት ነው። ማሰሪያውን በቁጥር ንገሩኝ። ቤት ውስጥ የተረፈ ቆርቆሮ አለ፣ እሱን አቁሜ ብቀብረውስ? ለውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ የሚነጠፈው ጥቁር ጂኦሜምብሬንም አለ። ካልሆነም የበርሜል ግማሽ ውስጥ ብተክለውስ? ዋልካውን ደግሞ አትርሱብኝ።

የዘንገና ዳር (እንጅባራ)

ቆርቆሮው አይሁን። እርጥብ አፈር ውስጥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይዝግና ይበሳል፤ የቀርከሃው ጫፍ ደግሞ እንደ መርፌ ስለሆነ ቀዳዳውን ፈልጎ ያገኘዋል። የአጥሩ መሠረት ይይዘዋል ብለውም አይተማመኑ። ጤነኛ ኮንክሪት አይሰብርም፣ ግን በስንጥቅና በብሎኬት መጋጠሚያ ይገባል።

ጂኦሜምብሬን ጥሩ ነው፤ ውፍረቱ ግን ይለካ። ለጉድጓድ የሚነጠፈው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ እሱን ይወጋዋል። የሚያስፈልገው 1.5 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ ነው። ቀጭኑን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ ለመጠቀም አይሞክሩ፤ በእጥፋቱ መሃል ገብቶ ሲሄድ ማንም አያየውም።

ልኬቱ ይህ ነው። መደቡ 6 በ1.2 ከሆነ ዙሪያው 14.4 ሜትር ነው፤ ለመደራረቢያ ግማሽ ሜትር ያህል ይጨመርና 15 ሜትር ይግዙ። ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዋልካ ስላለ ወደ ታች አብዝተው አይቆፍሩ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቆፍረው ፕላስቲኩን ያቁሙ፣ 35ቱ ከመሬት በላይ ይቀራል። በውጭ በኩል ድንጋይ ይደርድሩለት፣ በውስጥ በኩል አፈር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይሙሉ። የመጨረሻው 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ ሆኖ ይታይ፤ አፈርም ቅጠልም አይሸፍነው። የመሬት ውስጥ ግንዱ አብዛኛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ግድግዳ ሲያገኝ ከታች ይልቅ በላይ ለመዝለል ይሞክራል። የፕላስቲኩ አናት ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ቀጥ ካለ ወይም ወደ ውስጥ ካዘነበለ ጫፉ ወደ ታች ይገፋና በሥር ይሾልካል፤ ወደ ውጭ ካዘነበለ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም በመቀስ ይቆረጣል።

መጋጠሚያው ላይ ሁለቱን ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር አደራርበው ከፊትና ከኋላ ጠፍጣፋ ብረት ያድርጉና በብሎን ያጥብቁት። በማስቲሽ ወይም በፕላስተር ብቻ የተያያዘ መጋጠሚያ መጀመሪያ የሚከፈተው በር ነው።

ከሥሩ ፕላስቲክ አያንጥፉ። ክፍት ካልሆነ ሐምሌ ላይ ገንዳ ይሆንና ሥሩ ይበሰብሳል። ማፋሰሻ ቱቦ በፕላስቲኩ መሃል ለማሳለፍም አይሞክሩ፣ ተክሉ በዚያው ይወጣል። ከመደቡ ውጭ፣ ወደ ዝቅተኛው በኩል የሚያፈስ ቦይ ይበቃል። ዋልካው ክረምት ውሃ መያዙ ብቻ ሳይሆን በጋ ላይ መሰንጠቁም አስቸጋሪ ነው፤ ስንጥቁ ሥር ይበጥሳል፣ ከፕላስቲኩ ጎንም ክፍተት ያበጃል። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ግንቦት መደቡ ፈጽሞ አይድረቅ።

መሙያው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ከመሬት በላይ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከ2 ሜትር ኩብ ትንሽ ያልፋል፤ በግንበኛ ጋሪ 35 ምልልስ ገደማ ነው፣ ልብ አድርጉት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አመድ ደግሞ አይጨመርበት። የኛ ሰው አመድ ከምድጃ ጠርጎ አትክልት ሥር መድፋት ይወዳል፤ ይህ ተክል ግን ትንሽ ኮምጣጣ አፈር ነው የሚመቸው። አመድ ሲበዛ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

ችግኙ አራት ይበቃል፣ በ1.5 ሜትር ርቀት። የመጀመሪያው ከጫፍ 75 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይተከል። ጊዜው ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ። ችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ለአንድ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር። ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ እንደ ሲጋራ ከተጠቀለለ ውሃ ጠምቶታል፤ ውሃ ከጠጣም በኋላ ካልተዘረጋ ሥሩ ታፍኗል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ውሃ መጨመር መግደል ነው።

ዩሪያ የሚሰጥ ከሆነ ለመደቡ በሙሉ ከ150 ግራም አይለፍ፤ ግማሹ ሰኔ፣ ግማሹ ነሐሴ፣ እርጥብ አፈር ላይ። የረገፈውን ቅጠል አትጥረጉበት፣ እዚያው ጉዝጓዝ ይሁንለት።

ዶማ ይሻላል (ቡሬ)

ለ15 ሜትር ወፍራም ፕላስቲክ ብር ከማውጣት ቦይ መቆፈር ይቀላል። በመደቡ ዙሪያ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ክፍት ትቶ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም መጨረሻና ጥር ላይ፣ እየዞሩ ወደ ቦዩ ብቅ ያለውን በዶማ መቁረጥ ነው። ሳይታይ የሚያልፍ ነገር የለም። ፕላስቲክ የቀበረ ሰው ተኝቶ ያድራል፣ ስድስተኛው ዓመት ላይ ጎረቤት ያንኳኳል። ቦዩ ቅጠል ሞልቶት ከተረሳ ግን ድልድይ ይሆናል፤ እሱን አልክድም። ሰነፍ ከሆናችሁ ፕላስቲኩን ግዙ።

ስለ በርሜሉም ልመልስ። የ200 ሊትር በርሜል ግማሽ ይሆናል፣ ለአንድ ተክል። ከሥሩ ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ስምንት ቀዳዳ ይበሳ፤ መሬት ላይ ግን አይቀመጥ። ብሎኬት ላይ ካልተነሳ በቀዳዳው ወርዶ መሬት ይገባና በርሜሉ ለስሙ ብቻ ይቀራል። በበጋ በሁለት ቀን አንዴ 10 ሊትር ይፈልጋል። በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ዓመት ሥሩ በርሜሉን ይሞላል፤ ያን ጊዜ አውጥቶ በመጋዝ ለሁለት መክፈልና ግማሹን ብቻ መመለስ ነው። በርሜል ውስጥ ያለ ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ለመስኮት መጋረጃ ግን አያንስም።

የዘንገና ዳር (እንጅባራ)

ቦዩ ጥሩ ነው፣ ለሰፊ ግቢ። እዚህ ግን አንዱ ጎን የጎረቤት አጥር ነው። ከአጥር መሠረት ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ትቶ፣ ከሥሩ ዋልካ፣ ላዩ ክረምት! አጥሩ ነው የሚወድቀው። በአጥሩ በኩል ፕላስቲክ፣ በግቢው በኩል ቦይ ቢደረግ እስማማለሁ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የፕላስቲኩ ሁለት ጫፎች ግን በየጎኑ እስከ ቦዩ ድረስ ታጥፈው ይምጡ። መደቡም ከአጥሩ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ሰው ገብቶ ጠርዙን የሚያይበት። ያን ያህል ቦታ ከተቀነሰ የሚቀረው 70 ሳንቲ ሜትር ወርድ ነው፤ ለዚህ ተክል ይበቃዋል፣ ችግኙም ያው አራት።

አንድ የረሳሁት፦ ፍልፈል። አፈሩን ከፍ ሲያደርጉለት ደስ ይለዋል፤ ለስላሳ ቡቃያና ሥር ይበላል። በመጀመሪያው ዓመት ትኩስ የአፈር ክምር ካዩ ሳይውል ሳያድር መላ ይፈለግለት። ከብትና ፍየል የሚገባበት ግቢ ከሆነም ቡቃያው እስኪጠነክር ይታጠር፤ ጫፉ የተበላ ቡቃያ ቁመት አይጨምርም።

አናጢው (ዳንግላ)

ስለ አቆራረጡ ማንም አላነሳም። ግንዱ እንዲታይ ከተፈለገ ከታች ያለው አንድ ሦስተኛ ቅርንጫፍ ይመልመል፤ በእጅ እየተሰበረ ሳይሆን በመቀስ፣ ከግንዱ ጋር ተጠግቶ። እየተሰበረ ሲነቀል ልጡን ይዞ ይወርድና ጥቁሩ ላይ ነጭ ጠባሳ ይቀራል፤ የማይድን ጠባሳ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲሱን ግንድ ከሥሩ በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉበት፤ የዘንድሮ ቀይ፣ የሚቀጥለው ዓመት ነጭ። ካልሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ዕድሜው አይለይም፤ ሁሉም ጥቁር ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ቀለሙ እየደበዘዘ ስለሚሄድ እሱ ይወጣል። የሚቆረጠው በመጋዝ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ካለው የመጀመሪያ አንጓ ልክ በላይ ነው። ከአንጓው በላይ ጽዋ የሚመስል ጉቶ ከተተወ ክረምት ላይ ውሃ ያቁርና ብስባሴው ወደ ታች ይወርዳል።

የተቆረጠውን ለዕቃ የሚፈልግ ካለ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሦስት ዓመት የሞላውን ይቁረጥ። በክረምት የተቆረጠ ወይም ለጋ ግንድ ስኳርና ስታርች ስላለው ነቀዝ ይገባበታል፤ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከሥሩ ሲረግፍ ያኔ አልቋል። ጥላ ውስጥ፣ ቆሞ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይሰነጠቃል፣ ጥቁሩም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ የውጭ ወንበር አይሠራበት፤ የመጋረጃ ዘንግና የሥዕል ክፈፍ ግን ያምርበታል።

ጥላ ፈላጊ (ደብረ ማርቆስ)

በአጥሩ በኩል ፕላስቲክ፣ በግቢው በኩል ቦይ፤ ይህን ይዣለሁ። ፕላስቲኩ ከ15 ሜትር ወደ ስንት ይወርዳል?

የዘንገና ዳር (እንጅባራ)

በአጥሩ በኩል 6፣ በሁለቱ ጎን 70 ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጫፎቹ ቦዩ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ዘልቀው እንዲገቡ። ድምሩ 8 ሜትር ነው፤ መጋጠሚያም ብሎንም የለውም። የቦዩን ጠርዝ በደረቅ ድንጋይ ደግፉት፣ አለዚያ የተሞላው አፈር ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ተንዶ ቦዩን ይሞላዋል።